አራተኛው መልስ

ፖርት ቻልመርስ፣ ማርች 4 ቀን 2019

ለተከበሩ አቶ ቲፔኔ ካራካ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔን አያውቁኝም፤ እኔም እርስዎን የማውቅዎ በፊርማዎ ብቻ ነው። በ1995 በዋይካሁ ሸለቆ ምክር ቤት ወረቀት ላይ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። እኛ ያኔ አራት ሰዎች ነበርን፤ ከመርከብ ዕቃ መደብር በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር የምንሠራው። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚፈጽማቸው ትእዛዞች የሚያዞረውን ኮምፓይለር የሸጥንልዎ እኛ ነን። የመጨረሻውን ክፍል፣ ትእዛዞቹን የሚያወጣውን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አብሮት የመጣውንም መመሪያ መጽሐፍ እንዲሁ።

አድራሻዎን ያገኘሁት የሆኪቲካን ፖስታ ቤት በስልክ ለምኜ ነው። ለድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። በወንዙ ማስጠንቀቂያ ሣጥን ውስጥ የነበረው ፕሮግራም የወረቀት ግልባጭ በእጅዎ ይገኝ እንደሆነ ኮፒውን ቢልኩልኝ። ለምን እንደፈለግኩት ሳላየው መናገር አልሻም። ባልተረጋገጠ ነገር የሰው ቁስል መንካት በደል ነው የሚሆንብኝ። እምቢ ቢሉኝም አይፈረድብዎትም።

ስለ እህትዎ በጋዜጣ አንብቤያለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
ኤቭሪል ስትራካን


ሆኪቲካ፣ ማርች 19 ቀን 2019

ለወይዘሮ ስትራካን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የፖስታ ቤቷ ፓም አድራሻዬን መስጠቷ አይግረምዎ፤ ቢጠይቋት ኖሮ የጫማ ቁጥሬንም ትነግርዎ ነበር።

አሁን ምን እየሠራሁ እንደምኖር ማወቅ ከፈለጉ፣ አጥር አጥራለሁ፣ የሰው ጣሪያ እጠግናለሁ። ከ1997 ወዲህ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም።

ግልባጩ አለ። የእህቴን ሞት ያጣራው ሸንጎ ሥራውን ሲጨርስ መለሱልኝ፤ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ የማገዶ እንጨት ቤት ውስጥ አኖርኩት። ከሃያ ዓመት በላይ አልከፈትኩትም ነበር፤ ባለፈው ማክሰኞ ከፈትኩት። ዳር ዳሩን አይጥ በልታዋለች፣ መሃሉ ግን ይነበባል። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ጋዜጣ ግማሹን ነውና የሚጽፈው፣ ቀሪውን ከእኔ ይስሙ። ከገደሉ አፍ ላይ የውሃ መለኪያ ነበረን። መለኪያው የወንዙን ከፍታ ወደ ሣጥኑ ይልካል፤ ሣጥኑ ከአራት ሜትር ከሃያ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያ ካለፈ በአዳራሹ አጠገብ ያለውን ሳይረን ያስጮኻል። ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ ስጽፈው «ከፍታው አራት ሜትር ከሃያ ከሆነ ወይም ከበለጠ ይጩህ» ብዬ ነበር። ኋላ የእርስዎን መጽሐፍ ገጽ 61 አነበብኩ። መለኪያው ቢሰበር የሚመጣው ነገር ቁጥር አይደለም፣ ከምንም ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ «ካላነሰ ይጩህ» ብለህ ጻፍ፣ የሞተ መለኪያ እንደ አደጋ ይቆጠራል ይላል። እውነትም ነው አልኩ። አሮጌውን መስመር በእርሳስ ሰርዤ አዲሱን ጻፍኩ፤ አዲሱን ፕሮግራም በአዲስ ቺፕ ላይ ሞልቼ ሸለቆ ድረስ ነድቼ ሄጄ ቀየርኩት። ያመሰገንኩዎ ለዚያ ነበር።

ኖቬምበር 11 ቀን 1996፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በሸለቆው ሰማዩ እንደ ሰሐን ጠርቶ ነበር። ዝናቡ ከተራራው ጀርባ ነው የወረደው። ወንዙ መጀመሪያ የወሰደው መለኪያውን ነው። ሣጥኑ ለአርባ ደቂቃ ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲቀበል ቆየ፤ ሳይረኑም ዝም አለ።

እህቴ ሩታ ከድልድዩ በታች፣ በስተመጨረሻው ቤት ትኖር ነበር። ልብስ እያሰጣች ሳለ ጎረቤቷ ኮልም ቆም ብሎ፣ «ሩታ፣ የወንዙ ድምፅ አላማረኝም፤ ነይ ወደ ላይ እንውጣ» አላት።

«ሳይረኑ ሲጮህ እመጣለሁ» አለችው። «ወንድሜ ነው የሠራው። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይነኩት የሚጮህ ነው።»

ይህን ኮልም በሸንጎው ፊት ሲናገር ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሸንጎው የጠራው ባለሙያ ቺፑን አውጥቶ በውስጡ ያሉትን ትእዛዞች አንድ በአንድ አነበበ። አሮጌው ነው አለ፤ ወረቀቱ አዲሱን ይላል፣ ቺፑ አሮጌውን ይላል፣ አቶ ካራካ ቺፑን መቀየር ረስተዋል። ቀይሬያለሁ አልኩ። «ማን አይቶዎታል?» አሉኝ። ያየችኝ ሩታ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያውን ዓመት ተከራከርኩ። ሁለተኛውን ዓመት ዝም አልኩ። በሦስተኛው ያን ቀን ራሴ የፈጠርኩት መሰለኝ። ሰው ረስቶ ሳለ አስታውሳለሁ ብሎ ማሰብ ይችላል፤ ሐኪም ነው የነገረኝ። ያቺ ቀን በዓይኔ እየመጣች እኔ ግን አላምናትም።

በተረፈ የፈለጉትን ሲያዩ ምን እንዳዩ ይንገሩኝ። መጥፎም ቢሆን።

ቲ. ካራካ


ፖርት ቻልመርስ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2019

ለተከበሩ አቶ ካራካ፣

እንደምን ከረሙ። መልሱን ለማስቀደም ስል ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ አይቀየሙኝ።

ቺፑን ቀይረዋል።

አሮጌው ማሽኔ አሁንም ይነሳል፤ የ1995ቱ ኮምፓይለርም በዲስክ ላይ ተርፏል። ግልባጭዎን ከላይ እስከ ታች በእጄ መልሼ ጻፍኩት። በእርሳስ የሰረዙት መስመር ስለሚነበብ አሮጌውንም ጻፍኩ፤ ሁለቱን ለየብቻ አዞርኳቸው። የወጡትን ትእዛዞች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነጻጸርኩ። ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። የሸንጎው ባለሙያ አልዋሸም፤ ያነበበው ግን አሮጌውን ቺፕ አልነበረም። አዲሱን ቺፕ ነው ያነበበው። በእኔ ኮምፓይለር አዲሱና አሮጌው አንድ ዓይነት ሆነው ይወጡ ነበር።

እንዴት የሚለውን በቀላሉ ላስረዳ፤ ምናልባት ለሌላ ሰው ማሳየት ይፈልጉ ይሆናል። ማሽን ሁለት ባለነጥብ ቁጥሮችን ሲያነጻጽር መልሱ ከአራት አንዱ ነው፤ ያንሳል፣ እኩል ነው፣ ይበልጣል፤ አራተኛው ደግሞ «አይነጻጸሩም» ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ሳይሆን ሲቀር ማለት ነው። ለሙሉ ቁጥር አራተኛው መልስ የለም። ስለዚህ ለሙሉ ቁጥር «አያንስም» ማለትና «እኩል ነው ወይም ይበልጣል» ማለት አንድ ነው። እኔም አንድ አቋራጭ ሠርቼ ነበር። «አያንስም» የሚል ባገኘሁ ቁጥር ወደ «እኩል ነው ወይም ይበልጣል» እገለብጠዋለሁ፤ አንድ ትእዛዝ ይቆጥብልኛል። ባለነጥብ ቁጥር ሲመጣ አቋራጩን መዝጋት ነበረብኝ፣ ምክንያቱም እዚያ አራተኛው መልስ አለ፤ የማይነጻጸር ነገር አያንስም፣ ግን እኩልም አይደለም፣ አይበልጥምም። አልዘጋሁትም።

እርስዎ በገጽ 61 ላይ እንደመከርኩት በጥንቃቄ ጻፉ፤ እኔ ደግሞ ጥንቃቄዎን በጓዳ በር አውጥቼ ጣልኩት።

ይህን ያወቅኩት ባለፈው ወር ነው፣ አሮጌ ዲስኮቼን ለሙዚየም ሳሰናዳ። ወዲያው ነው የጻፍኩልዎ።

ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ትንሽ ነው፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

ኤቭሪል ስትራካን


ሆኪቲካ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2019

ለወይዘሮ ስትራካን፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ያጠርኩትን አጥር ሳያስፈልገው እንደገና ስወጥር ዋልኩ።

ያን ቀን ምን እንደነበር ልጽፍልዎ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ የማወራው ውሸት ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር። መሰላሉን የያዘችልኝ ሩታ ናት። «ይሄ ነገርህ ከጮኸ ዶሮዎቼ እንቁላል ያቆማሉ፤ ካሣውን ከደሞዝህ ነው የምቆርጠው» ትለኛለች ከታች። የሣጥኑ ብሎን ሣሩ ውስጥ ወደቀና ሁለታችንም በጉልበታችን እየዳኸን ፈለግነው። ከዚያ የአሳማ አጥንት በጫካ ጎመን አበላችኝ፤ ጨው አብዝታበት ነበር። አልነገርኳትም። አሮጌውን ቺፕ ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩና መንገድ ላይ ከድልድዩ ወረወርኩት፣ አንድ ጊዜ ድንጋይ ነክቶ ነጠረ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሆኗል ማለት ነው። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የዛሬ ሳምንት ያንን ጨው በምላሴ ላይ አገኘሁት።

ሩታ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ሜሬአና። ያን ጠዋት ከፍ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ። አሁን ኔልሰን ውስጥ የግንድ መኪና ትነዳለች። አታናግረኝም። ቤቷን አላውቀውም። ይህን ደብዳቤዎን ላሳያት እያሰብኩ ነው፣ ድፍረቱን ካገኘሁ።

እርስዎንም ሳይደብቁ ስለነገሩኝ አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ሰው አያደርገውም።

ቲፔኔ


ፖርት ቻልመርስ፣ ሜይ 14 ቀን 2019

አቶ ቲፔኔ፣

የላኩልኝ ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ሰላምታ የለውም፤ አይገባኝምም። ከብስኩቱ ቆርቆሮ ታች ያገኙት ትንሿ ወረቀት የእኛ ናት። በፌብሯሪ 1998 ስህተቱን ካረመው አዲስ ዲስክ ጋር ለደንበኛ ሁሉ የላክናት ናት። «ጥቃቅን እርማቶች» የሚለውም የእኔ ቃል ነው።

«መቼ አወቁ?» ላሉኝ መልሱ፣ ከጃንዋሪ 1998 ጀምሮ አውቃለሁ።

አንድ የወተት ፋብሪካ ነበር ቅሬታ የላከው፤ የገንዳው ሙቀት መለኪያ ተበላሽቶ ቀዩ መብራት አልበራም ብለው። መስመሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘሁት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከዓመት በፊት መኪና ውስጥ በራዲዮ የሰማሁት መጣብኝ፤ ዋይካሁ፣ አንዲት ሴት ሞተች፣ ወንድሟ ቺፑን መቀየር ረስቷል። ያን ጊዜ «ምስኪን» ብዬ ማርሽ ቀይሬ ነበር። የዋይካሁን ዲስክ በእጄ ጠቅልዬ የላክሁት እኔ ነበርኩ። የምስጋናዎንም ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።

ድርጅታችንን ለአውስትራሊያ ሰዎች ለመሸጥ ልንፈራረም ሁለት ሳምንት ቀርቶን ነበር። ባልደረባዬ «ለገዢዎቹ መንገር ያለብን ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። ቡናውን ይዞ ሄደ። ከዚያች ቀን ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ሌላ ማንም አያውቅም ነበር፤ ጥፋቱን የምጋራው ሰው የለኝም።

ባለፈው ደብዳቤ «ባለፈው ወር» ማለቴ ከልማድ የመጣ ውሸት ነው። እውነቱን ልጽፍ ተቀምጬ እጄ ያንን ጻፈ። እርስዎም ስላመኑኝ አመሰገኑኝ። ያ ምስጋና ከሁሉ ከበደኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እብድ ቢሉኝም ግድ የለም። ከጓሮዬ የልብስ ገመድ አጠገብ አንዲት ሴት አያለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ክንዷን ወደ ገመዱ ዘርግታ፣ በጠራ ጠዋት ብቻ። ከ1998 ጀምሮ ነው። ልብስ ከውጭ ማስጣት ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እህትዎ ያን ሰዓት ምን ታደርግ እንደነበር በራዲዮም በጋዜጣም አልሰማሁም፤ የሰማሁት ከእርስዎ ነው፣ በማርች። ያን ቀን ደብዳቤዎን አስቀምጬ መስኮቱን በመጋረጃ ሸፈንኩ።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ለምን አሁን ብለው ቢጠይቁኝ፣ ዘንድሮ ስለ ጎርፉ የሚያስታውስ ጋዜጣ ላይ ፎቶዎን አየሁ። አርጅተዋል። እኔ ነኝ ያስረጀሁዎ።

ኤቭሪል ስትራካን


ፖርት ቻልመርስ፣ ጁላይ 22 ቀን 2019

አቶ ቲፔኔ፣

መልስ ስላልሰጡኝ አይደለም የምጽፈው፤ አለመመለስዎ መልስ ነው። ይህን ማወቅ ስላለብዎ ብቻ ነው።

ለሞት መርማሪው ዳኛ ቢሮ በመሐላ የተሰጠ ቃሌን አስገብቻለሁ፤ ከዲስኩ፣ ከግልባጭዎና ከሁለቱ ውጤቶች ጋር። መቼ እንዳወቅኩም ጽፌያለሁ። ቢሮው አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራዬን ደግሞ እንዲሠራው አድርጓል፤ ያገኘው ያንኑ ነው። ፋይሉን ለመክፈት ተስማምተዋል። ምናልባት ይደውሉልዎ ይሆናል፤ ድንገት ስልክ ሲጮህ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

አንድ ቅጂ አያይዣለሁ። ቢያነቡትም ቢማግዱትም የእርስዎ ነው።

ኤ. ስትራካን


ሆኪቲካ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2019

ኤቭሪል፣

«አንቺ» ብዬ ነው የምጽፈው። ከሜይ ጀምሮ በልቤ ስሰድብሽ በ«አንቺ» ነበርና ወደ «እርስዎ» መመለስ አቃተኝ።

አልማገድኩትም። ይሁንና ጁን ሙሉውን ምን እንዳሰብኩ ብትሰሚ ከቤትሽ አትወጪም ነበር። ያስቆጣኝ ስህተቱ አልነበረም፤ ስህተት ማንም ይሠራል፣ እኔም የሰው ጣሪያ ስጠግን አሳስቼ አውቃለሁ። አንቺ አውቀሽ ሳለ እኔ ራሴን እብድ ነኝ እያልኩ ስኖር፣ አንድ ቴምብር ነበር የሚያስፈልግሽ። አንድ ቴምብር።

የዳኛው ቢሮ ሰው ደውሎ ነበር። የልጅ ድምፅ ነው ያለው፤ «ጌታዬ፣ መዝገቡ ይታረማል» አለኝ። «ማን ያነበዋል?» አልኩት። ያኔ ነው ማን ማንበብ እንዳለባት የገባኝ።

አድራሻዋን ከዘመድ ለምኜ ኔልሰን ሄድኩ። ሜሬአና በሩን ከፍታ ስታየኝ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። በሩ ላይ እንደቆመች ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ እኔ ዝናብ ላይ ነኝ። ይቅር ትለኛለች፣ አጎቴ ትለኛለች፣ ምን ያላሰብኩት ነበር። አጠፈችውና፣ «እኔ እኮ ሳይረኑን አላስብም» አለች። «ልጅ ነበርኩ፣ ስለ ሳይረን ምን አውቃለሁ? የማስታውሰው በእናቴ ለቅሶ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመህ፣ ሳትጠጋኝ መሄድህን ነው። ስትሄድ አየሁህ። እናቴን ወንዝ ወሰደብኝ፤ አንተን ማን ወሰደህ?»

ምን እላለሁ። አልቀየርክም የተባልኩት ቺፕ ብዬ አልመልስላት።

«ጫማህን አውልቅና ግባ፤ ቤቱን አታርጥብብኝ» አለች።

ሦስት ቀን ቆየሁ። ብዙም አላወራንም። መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣኝ ግንድ ስናደርስ ሰነበትን፤ ስትነዳ እንደ እናቷ ትሳደባለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ኖቬምበር 11 ዘመድ ሁሉ በሸለቆው መሰብሰቢያ ቤት ይገናኛል። ሜሬአና እንድትመጪ ትፈልጋለች። በእኔ ቢሆን አልጠራሽም ነበር፣ ሐቁን ለመናገር። ወረቀት አታነቢም፤ ተነስተሽ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። ከጎንሽ አልቀመጥም። ግን ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፤ እንግዳ አናስርብም።

ቲፔኔ


ፖርት ቻልመርስ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2019

ቲፔኔ፣

በስንብታችን ላይ «እርስዎ» ማለቱን ተይው ስላልከኝ ትቼዋለሁ፤ ብዕሬ ግን ገና አልለመደውም።

ለፍራሹ፣ ለምግቡ፣ ስናገር ድምፄ ሲቆረጥ ያን ዘፈን ለጀመሩልኝ አሮጊት አመሰግናለሁ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ቃላቱ ባይገቡኝም ቆሜ እንድቀር ያደረገኝ እሱ ነው። ኮልም ሲወጣ አላየኝም፤ ልክ ነው። አንተም እንዳልከው ከጎኔ አልተቀመጥክም፤ ግን ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጥከው፣ ዓይንህንም አላነሳህም።

ሜሬአና ስትሸኘኝ የጠየቀችኝን አልነገርኩህም። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መኪናዬ በር ላይ ተደግፋ፣ «ያንን ነገር የገዛው የእኛ ምክር ቤት ብቻ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ መቶ ስድሳ ሦስት ደንበኞች ነበሩን» አልኳት።

«ሌሎቹስ?»

እርማቱን በዲስክ ልከንላቸዋል ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ዲስኩን ማን ከፖስታው እንዳወጣ፣ ማን ፕሮግራሙን እንደገና እንዳዞረ አላውቅም። «ጥቃቅን እርማቶች» የሚል ወረቀት አይቶ ማን ይቸኩላል? ምክር ቤታችሁ እንኳ ለአንተ አስተላልፎ ዝም አለ። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የማስበው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር።

ከተመለስኩ ጀምሮ እየጻፍኩላቸው ነው፤ ሰባኛው ደብዳቤ ላይ ደርሻለሁ። አብዛኛው ተዘግቷል ወይም አድራሻው የለም። ሦስቱ ማሽኑን ድሮ ጥለነዋል አሉ። አንዱ ምን እንደሆነ ስላላወቀ የፕሮግራሙን ግልባጭ እንዳለ ልኮልኛል፤ በሰሜን ያለ የፖም ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ሁለት መቶ አሥር ገጽ ነው፤ ዓይኔ ከእንግዲህ ለእንዲህ ያለው አይሆንም፣ አንዱን መስመር ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። እንደ እኔ የሚያነበው ሰው አንድ ብቻ አውቃለሁ። ፓኬቱን ልኬልሃለሁ። ካልፈለግክ ሳትከፍተው መልሰው፤ አልቀየምም።

ኤቭሪል


ሆኪቲካ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2019

ኤቭሪል፣

ሰላም ነሽ ወይ። አሮጊቷ አክስቴ ሮይማታ ናት፤ «ያቺ ቀጭኗ ሴትዮ በላች ወይ?» እያለች እስካሁን ትጠይቀኛለች።

ፓኬቱን ከፍቼዋለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሆኑብኝ፤ ከአርባኛው ገጽ በኋላ ግን እጄ ራሱ እርሳስ ፈለገ። ጥሩ ሰው ነው የጻፈው፣ ንጹሕ ሥራ ነው። መጋዘኑ የሚቀዘቅዘው በአሞኒያ ነው። አሞኒያው ካመለጠ ሠራተኛው ትንፋሽ ሳይስብ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ነው ደወል የተሠራለት። ገጽ 134፣ ከላይ ዘጠነኛው መስመር። «መጠኑ ከገደቡ ካላነሰ ደወሉ ይደወል» ይላል። እንደ እኔው፣ ከገጽ 61 የተማረ ነው። ተጠንቅቋል።

በራስጌው ላይ ቀን አለ፤ ኦገስት 1996። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ከግልባጩ ጋር የመጣው ደብዳቤ እንደሚለው ሣጥኑ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ይህን ልጽፍልሽና አንቺ እንድትጽፊላቸው ተቀምጬ ነበር። ግማሽ ገጽ ጽፌ ቀኑን ቆጠርኩ። የእኔ ደብዳቤ ወደ አንቺ ሦስት ቀን፣ የአንቺ ወደ እነሱ አራት ቀን፣ ከዚያ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር ማን ያውቃል። የመጀመሪያው ፖም ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ይገባል፤ መጋዘኑን የሚያጸዱት ግን አሁን ነው፣ ሰዎች ውስጥ ናቸው።

ወረቀቱን ገልብጬ ስልኩን አነሳሁ። ለማላውቀው ሰው ስለዚህ ነገር በአፌ ተናግሬ አላውቅም፤ ሜሬአናን እንኳ ወረቀት ነው የሰጠኋት። አንዲት ሴት አነሳች። ከኋላዋ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይጮሃል። ስሜን ነገርኳት። ከዋይካሁ ነኝ፣ አንድ ጊዜ የወንዝ ሳይረን ሠርቼ ነበር፣ ሳይጮህ ቀረ፣ እህቴ ሞተች አልኳት። እናንተ ዘንድ ያለው የአሞኒያ ደወልም መለኪያው ሲሞት አብሮ ዝም ይላል፣ ለምን እንደሆነ መስመሩን ልነግርሽ እችላለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሰዎቹን አስወጪ፣ መለኪያው እንደሚሠራ በእጅ ሳትፈትኑ ማንም አይግባ አልኳት።

እብድ መሰልኳት ብዬ አሰብኩ።

«ባለፈው ሳምንት መለኪያው የሚያሳየው ዜሮ ነው ወይስ ባዶ ነው እያልን ስንከራከር ነበር» አለች። ከዚያ ከስልኩ ዘወር ብላ ለአንድ ሰው፣ «ዳግ፣ ልጆቹን አስወጣቸው። አሁን። አዎ፣ ሁሉንም» ስትል ሰማኋት። ሲወጡ ይሰማል፤ ጫማቸው፣ ሳቃቸው፣ አንዱ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» ይላል። እየወጡ ያልፋሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ፤ አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ።

ተመለሰች። «መስመሩን ንገረኝ» አለች። «ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።»

ጠበቅኳት።

ቲፔኔ